ወንበር እየሰፋሁ ወደ ባሕር

በሕይወቴ ለአውቶቡስ ከፍዬ አላውቅም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሃያ ሁለት ዓመቴ ከቤታችን ተነስቼ ባሕር ድረስ ሄጄ የተመለስኩት በአንድ ቆልማማ መርፌ፣ በአንድ ወስፌ፣ በሁለት ጥቅል የናይሎን ክርና በአንድ ቁራጭ ሰም ነው። ጓደኞቼ መንገድ ሲያስቡ መጀመሪያ ሻንጣ ይገዛሉ። እኔ የተቀደደ ወንበር ያለው አውቶቡስ እፈልግና ሾፌሩን፣ "እየሄድን ልስፋልህ፤ አንተ ወንበር ታገኛለህ፣ እኔ አገር አያለሁ" እላለሁ። እምቢ የሚል ሾፌር ብዙ አልገጠመኝም።

ሙያው የአባቴ ነው። አባቴ ከመናኸሪያው አጥር ጋር በተጣበቀች አንዲት ክፍል ውስጥ የመኪና ወንበር ልብስ ሲሰፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ግቢ የሚወጣ አውቶቡስ ሁሉ የእሱ ስፌት አለበት። እሱ ራሱ ግን በሚሄድ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ለሠርጉ፣ አንዴ ለአጎቴ ቀብር። "ሁለቱንም ጊዜ አሞኛል" ይላል።

እናቴ ከጎኑ ትሠራለች። ክር በሰም ታሻለች፣ ስፖንጅ ትለካለች፣ ሂሳብ የሚያጭበረብር ሾፌር ሲመጣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። መርፌ ግን አባቴ አያስይዛትም። ግራኝ ስለሆነች ስፌቷ በተቃራኒው ያጋድላል፤ "አንድ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ስፌት አይሄድም" ይላል አባቴ። የቤታችንን ልብስ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች እኔ ወደ ግራ ያጋደለ ስፌት ለብሼ ነው ያደግሁት። እናቴ በዚህ ነገር ቅር ብሏት እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዝም አይነቅዝም የተባለው ለእሷ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "ባሕር ማየት እፈልጋለሁ" አልኩ።

"ምን ልታደርጊው?" አለ አባቴ።

"ላየው።"

"የማያውቁት አገር አይናፍቅም።"

"እኔን ግን ሳላውቀው ናፈቀኝ፤ ምን ላድርግ አባዬ?"

አባቴ እንጀራው፣ ዳቦው፣ ሥራው ሁሉ አንድ ቦታ የሆነለት ሰው ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ትልቅ ሥራ ይዞ ነበር፤ የአንድ ሲኒማ ቤት አራት መቶ ወንበር። ሥራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ያለ እኔ እጅ ደግሞ አይወጣም። እኔን ያስፈራኝ አራት መቶው አልነበረም። ያስፈራኝ አራት መቶ አንደኛው ነው፤ ማለትም ከአባቴ ጎን ያለው፣ ለእኔ ተብሎ በልኬ የተሠራው ዱካ። እዚያ ላይ አንዴ በደንብ ከተቀመጥኩ ሠላሳ ዓመት እንደማልነሳ አውቄዋለሁ።

አባቴ አፉን ጠረገና፣ "እንወራረድ" አለ። "ባሕር ድረስ በእጅሽ ሥራ ብቻ እየተሳፈርሽ ሄደሽ፣ በዚያው መንገድ ተመልሰሽ፣ ሰኞ ሦስት ሰዓት እዚህ ከተገኘሽ፣ በየዓመቱ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሦስት ወር ያንቺ ነው። ወዴት ብዬ አልጠይቅሽም። አንድ ሰው ካገዘሽ ግን፣ በዝምድናም ይሁን በይሉኝታ፣ ተሸንፈሻል። ያን ጊዜ ዱካሽ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ስለ መንገድም በዚህ ቤት ሁለተኛ አይወራም።"

"ተስማምቻለሁ።"

እናቴ በግራ እጇ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ባሕሩ ስንት ቀን ነው?" አለችኝ።

"ሦስት ቀን ነው አሉ።"

"ሦስት" አለች። ሳህኖቹንም መሰብሰብ ጀመረች።

ከአምስት ቀን በኋላ ተነሳሁ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሾፌር በመናኸሪያው እንቁላል ነው የሚባሉት። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ከሚለው። ሌላው ሾፌር በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እሳቸው በቀን ተኩል ይጨርሱታል። በአጠገባችን አህያ ሲያልፍ ተሳፋሪው ሰላምታ ይሰጠዋል እየተባለ ይቀለዳል። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምላቸው።

"ጋሼ፣ የተቀደደ ወንበር አለዎት?"

"ከኋላ ሦስት አለ" አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። "ስፊና ተቀመጪበት።"

ሰፋሁና ተቀመጥኩበት። በሁለተኛው አውቶቡስም ከኋላ ሦስት የተቀደደ ወንበር ነበር። ሦስተኛውን የሚነዳው ሬዲዮ የሚባል፣ አፉ የማይዘጋ ጎረምሳ ነው፤ እሱም ጋ ሦስት። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን የልብ ልብ ተሰምቶኝ፣ እድል ደፋርን ትወዳለች እያልኩ በየመስኮቱ አንገቴን አወጣ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ኑሮው ተስማምቶኛል። ማታ ሾፌሮች መኪናቸውን የሚጠብቅ ሰው ስለሚፈልጉ አውቶቡሱ ራሱ መኝታዬ ሆነ፤ የኋላው ረጅም ወንበር ከቤቴ አልጋ ይሰፋል። ዳቦና ቲማቲም በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሸሚዜን በየመናኸሪያው ቧንቧ አጥብና በመስኮቱ ዘንግ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ነፋሱ ምሳ ሳይደርስ ያደርቀዋል። ተሳፋሪው ስሰፋ ያየኝና ወሬ ይጀምረኛል፤ አንዷ የቦርሳዋን እጀታ፣ አንዱ የጫማውን ማሰሪያ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የጸሎት መጽሐፋቸውን ሽፋን አሰፍተውኛል። አንድ መቶ ሰው ተዋውቄ የአንዳቸውንም ስም አልጠየቅኩም። ሁሉም እኔን መርፌ ይሉኝ ነበር፤ ቅጥነቴም ረድቷቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የሬዲዮ መኪና ጎማ ፈነዳ። ባሕሩ ጋ ልንደርስ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶናል። ሁሉም ወረደ፤ እኔ የመጨረሻዋን ወንበር ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። እስከዚያ ድረስ የሰፋሁት እየተናወጥኩ ነው፤ አሁን መኪናው ቆሟል፣ ፀሐዩ በመስኮቱ ቀጥ ብሎ ይገባል።

ቀዳዳ ለሚያውቀው ሰው ይናገራል። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ልብስ ጠርዙ ይሟሽሻል። ልጅ በጣቱ የፈለፈለው ክብ ነው፣ ስፖንጁም ተቆንጥሯል። ምስማር የያዘው ማዕዘን ይሠራል። ይሄኛው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ስፖንጁም ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ንጹሕ ነው። ከቀዳዳው ጎን ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት አብሮት ይሄዳል።

ጭረቱን አውቀዋለሁ። የአባቴ ቢላ አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ጫፉ ተሸርፏል፤ ከዚያ ወዲህ የሚቆርጠው ነገር ሁሉ ጎን እንደዚያ ይጭራል። ያደግሁት ያንን ጭረት እያየሁ ነው። ቀድሜ የሰፋኋቸውን ሁለቱን ወንበሮች ጎንበስ ብዬ አየሁ። በስፌቴ ጎን ጭረቱ ቁጭ ብሏል።

ደሜ ፈላ። ወርጄ ሬዲዮን ከጎማው ሥር አገኘሁት።

"እኔ ምንም አላልኩም" አለ ገና ሲያየኝ።

"ገና ምንም አልጠየቅኩህም።"

"እህ" አለ፤ ጉድ እንደሠራ ገባው። "በቃ፣ ከቤታችሁ ሰው መጣ። ሦስታችንም ሾፌሮች በየተራ እንድናሳፍርሽ ተነገረን። ከኋላ ሦስት ሦስት ወንበር ይቀደዳል፣ ልጅቷ ትሰፋዋለች፣ ስፌቷን ካልወደዳችሁት እኛ በነጻ እናለብሳለን ተባልን። ማን እንደመጣ ግን ላልናገር ምዬአለሁ።"

"አባቴ ነው።"

"ምዬአለሁ አልኩሽ።" በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ዋጠ።

ባሕሩን ያየሁት ተናድጄ ነው። ሬዲዮ ከዳገቱ ላይ አቁሞ፣ "ያውልሽ" ሲለኝ ሳላመሰግነው ወረድኩ። ሰማያዊ መስሎኝ ነበር፤ ሲጠጉት ቀለሙ ብዙ ነው፤ አረንጓዴም አለው፣ ዳር ዳሩ ላይ ሳህን የታጠበበት ውኃ ይመስላል። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁበት። ከዚያ አለቀስኩ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ እልህ። አባቴ ሊያሸንፈኝ ፈልጎ ቢሆን ያንገበግበኛል፤ አዝኖልኝ ቢሆን ደግሞ የባሰ። ያም ሆነ ይህ መሄጃው ተበላሽቷል፤ ታግዣለሁ። መመለሻውን ግን ከእኛ መናኸሪያ የሚያውቀኝ አንድም ሰው ሳይነካው፣ በእውነተኛ ቀዳዳ ብቻ ልመለስ ወሰንኩ። ሬዲዮ በማግስቱ ጠዋት፣ "ነይ እንጂ፣ ወንበርሽ ባዶ ነው" ሲለኝ፣ "በል ደህና ግባ" ብዬ ሸኘሁት።

ባሕሩ ዳር ሥራ ሞልቷል። የጀልባ ሸራ የሚሰፋ ሰው ጠፍቶ ዓሣ አጥማጆቹ ቀዳዳውን በሽቦ አስረውታል። ዘጠኝ ቀን ከእነሱ ጋር ቆየሁ። እርጥብ ሸራ ለመርፌ አይመችም፤ ጨው ክሩን ያደርቀዋል፣ ጣቴም ተሰነጣጥቋል። የምተኛው በተገለበጠ ጀልባ ሥር ነበር፤ የምበላው ዓሣ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማንም ሳይነሳ እዋኝ ነበር፤ መዋኘት ግን አልችልም፣ እስከ ደረቴ ገብቼ እጄን ማወናጨፍ ነው። እንደነዚያ ቀናት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ጨው የጫነ መኪና የምትነዳ አንዲት ሴት አገኘሁ። የጋቢናዋን ወንበር ሳይ ልቤ ሞቀ። ጠርዙ ሟሽሿል፣ ስፖንጁ ጠቁሯል፣ የዳቦ ፍርፋሪ ገብቶበታል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ቀዳዳ ካየሁ ቆይቻለሁ።

"እትዬ፣ ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ባሌ እያለ ነው የተቀደደው። ባሌ ከሄደ ስምንት ዓመቱ።"

ሰፋሁላት፤ በየከተማው ጨው እያራገፍን አምስት ቀን አብረን ተጓዝን። ብቻዋን መንዳት የጀመረችው በእኔ ዕድሜ እንደነበር፣ ያኔ ሁሉም ሰው ትመለሳለች ብሎ እንደጠበቃት ነገረችኝ። "እኔም እመለሳለሁ ብዬ ነበር" አለችና ሳቀች። እሁድ ጠዋት አንድ መገንጠያ ላይ አወረደችኝ። የእሷ መንገድ በቀኝ ነው፣ የእኔ በግራ፤ ቤቴ የአንድ ቀን መንገድ ቀርቶታል።

መገንጠያው ላይ አንድ ሻይ ቤትና ሁለት ፍየል ነበሩ። እስከ ቀትር ድረስ አራት አውቶቡስ አለፈ፤ ሁሉም አዲስ ነው፣ ወንበራቸው እንኳን ሊቀደድ ላስቲኩ አልተላጠለትም። ስድስት ሰዓት ላይ ከሩቅ አንድ አውቶቡስ ብቅ አለ፤ ብቅ ካለ በኋላ ለመድረስ ሻይ ጠጥቶ የሚያስጨርስ ጊዜ ፈጀ። እንቁላል ነበሩ።

"መርፌ! ግቢ እንጂ" አሉ በሩን ከፍተው።

"የተቀደደ ወንበር አለዎት?"

"አንቺ ራስሽ ሰፍተሽው፤ ከየት ይመጣል?"

"እንግዲያው አልሳፈርም።"

ተሳፋሪው ሳቀ። እንቁላል ግን አልሳቁም፤ ከመሪው ላይ ተደግፈው በአዘኔታ አዩኝ። "ስሚኝ ልጄ፣ ኩራትሽ እራትሽ እንዳይሆን። ነገ ሰኞ ነው። ውርርዱን እኔም ሰምቻለሁ።"

"ስለሰሙ ነው የማልሳፈረው።"

ግን ወደ ውስጥ ገብቼ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሁሉም ደህና ነው። ተስፋ ቆርጬ ልወርድ ስል እንቁላል መስታወት ለማስተካከል ብድግ አሉ፤ የተቀመጡበት ወንበር ወለል ብሎ ታየኝ። የመኪናው ሁሉ መከራ እዚያ ላይ ተሰብስቧል። ልብሱ አልቋል፣ ስፖንጁ ከመሐሉ ጠፍቷል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ ሞላ ጫፉን አውጥቷል።

"ይሄንን ልስፋ።"

"እሱን ማንም አይነካውም። ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ነው፤ እሱም ያውቀኛል።"

"ጋሼ፣ ነዳጅ ሲረግጡ ቀኝ ጭንዎን አይወጋዎትም?"

እንቁላል ጭናቸውን አሹ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ "በቃ፣ ልጅቷ ትስፋ፤ እኛ ሻይ እንጠጣ" አለች። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፤ ለምዶታል፣ ማንም አልቸኮለም። ሞላውን በመኪናው ፒንሳ አጥፌ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ከሻይ ቤቱ ያረጀ ብርድ ልብስ ገዝቼ አራት ጊዜ አጥፌ መሐሉን ሞላሁት፤ በላዩ ላይ ከዓሣ አጥማጆቹ የተረፈኝን ሸራ ድርብ አድርጌ ሰፋሁ። ስጨርስ ሰባት ሰዓት አልፏል።

እንቁላል ተቀመጡ። ፊታቸውን አጨፈገጉ። ወደ ግራ ተመቻቹ፣ ወደ ቀኝ ተመቻቹ። ከዚያ ነዳጁን ረገጡ፣ መኪናው ተወርውሮ ወጣ፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ የነበሩት ሁለት ፍየሎች ተበተኑ። ለካስ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውዬው ዝግተኛ አልነበሩም፤ በረገጡ ቁጥር እየተወጉ ነበር። ከኋላ ያ ሁሉ ተሳፋሪ የወንበሩን እጀታ ጨበጠ፤ ሴትዮዋ ብቻ፣ "ምነው ባላልኩ" ስትል ሰማሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ገባን። የአውቶቡስ መግቢያ የሚመዘግበው ሰውዬ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

አባቴ ዱካው ላይ ተቀምጦ የሲኒማ ቤቱን የመጀመሪያ ወንበር ልብስ ገፏል። እናቴ በስፖንጁ ክምር ላይ ሆና ክር በሰም ታሻለች። ቦርሳዬን ሳላወርድ በሩ ላይ ቆምኩ።

"አባዬ፣ ተሸንፌአለሁ" አልኩ። "ግን አንተ ነህ ያሸነፍከኝ። መሄጃዬ ላይ ዘጠኝ ወንበር ቀደህ ጠበቅከኝ። ቢላህን አውቀዋለሁ። መመለሻዬን ማንም አላገዘኝም፤ ተጠራጥረህ ከሆነ ሂድና የእንቁላልን ወንበር እይ። አንተ ውል ገብተህ ውልህን አፈረስክ፤ እኔ ግን ያየሁትን ደብቄ ማሸነፍ አልፈልግም።"

አባቴ ቀና አላለም። "ቀዳዳው የሚጀምረው በየት በኩል ነው?"

"ምን?"

"ሰፊ ነሽ አይደል? ጭረቱ ከግራ ነው የሚነሳው ከቀኝ?"

ዘጠኙም በእጄ አልፈዋል። ዓይኔን ጨፍኜ አስታወስኩ። "ከቀኝ" አልኩ፤ "ከቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ..." ስል የአባቴ አቆራረጥ ትዝ አለኝ። አባቴ በቀኝ እጁ ከግራ ጀምሮ ነው የሚቆርጠው። ወደ ስፖንጁ ክምር ዞርኩ። እናቴ ሰሙን በግራ እጇ እንደያዘች አየችኝ።

"እማዬ?"

"ሦስት ቀን ነው አልሽኝ" አለች። "በቀን ሦስት ወንበር ይበቃታል ብዬ አሰብኩ።"

"ደህናውን ወንበር? እንዴት አስቻለሽ?"

"መቼ አስቻለኝ? በእንቁላል መኪና ላይ የመጀመሪያው ጠማማ ነው፤ አላየሽውም?"

ወደ አባቴ ተመለስኩ። "አንተስ አታውቅም ነበር?"

አባቴ አሁን ቀና አለ። ጆሮው ቀልቷል። "አንድ ቀን ጠዋት ቢላዬን ሳነሳ ደንዝዟል። ምን እንደቆረጠ ከስለቱ ይታወቃል። አንድ አውቶቡስ ጨርሳለች፣ ሁለት ይቀሯታል። ደንዛዛ ቢላ ደግሞ ጠርዙን ይበላዋል፤ የተበላ ጠርዝ ስፌት አይዝም፣ አንቺም መንገድ ላይ ትቸገሪያለሽ።" የክሩን ጫፍ ቆረጠ። "ስለዚህ ሳልኩት። ሁለት ጊዜ።"

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ የተናደድኩት በከንቱ አልነበረም፤ ያ ንዴት ነው በራሴ እጅ የመለሰኝ። ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ እየቀደደች ሌላው እየሳለ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ እኔን ሲሸኙኝ ታየኝ።

"ውሉን ያፈረስነው እኛ ነን" አለ አባቴ። "ያፈረሰ ይሸነፋል። ሦስት ወሩ ያንቺ ነው። አሁን ቁጭ በይ፤ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ አራት መቶ ወንበር አለብን።"

ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። ልነሳ የምችልበት መሆኑን ሳውቅ ተመቸኝ።

ወሬው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን ሰሙን አስቀምጣ፣ "እንቁላል መቼ ነው የሚነሱት?" አለች።

"ሐሙስ።"

በጣቷ ቆጠረች። "ሦስት መሄድ፣ ሦስት መመለስ፣ አንድ ቀን እዚያ። በሚቀጥለው ሐሙስ እመለሳለሁ።"

አባቴ መርፌውን ይዞ ቀረ። "በምን ተሳፍረሽ?"

እናቴ ከሳጥኑ አንድ ቆልማማ መርፌ መርጣ በግራ እጇ ያዘች።

"አንድ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ስፌት አይሄድም እኮ" አለ አባቴ፤ ድምፁ ግን እንደ ልማዱ አልነበረም።

"እሺ። እኔ ወንበሩን ሙሉውን እሰፋለሁ" አለች። "ደግሞ ማንም እንዳያግዘኝ።"

"ማን ያግዝሻል?" አለ።

ነጠላዋን አጣፍታ ሾፌሩን ልታነጋግር ወደ መናኸሪያው ወጣች። አባቴ ኮቴዋ ከአጥሩ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ተነስቶ ቢላውን ከምስማሩ አወረደ፣ መሳያ ድንጋዩን በውኃ ነካ አደረገና መሳል ጀመረ።

"ምን ልትቆርጥ ነው?" አልኩት።

"ዝም ብለሽ ሥሪ" አለኝ።